ከጀሞ እስከ ጢያ፦ የቡታጅራ መንገድና የዳር መስህቦቹ

ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ ጀሞንና ለቡን አልፎ፣ የፉሪን ተራራ ግርጌ ይዞ ዓለም ገና ይደርሳል። እዚያ ሁለት ይሆናል። ቀኙ በሰበታ በኩል ወደ ጅማ ሲሄድ ግራው በመልካ ቁንጡሬ፣ በጢያና በቡታጅራ አድርጎ እስከ ሆሳዕናና ወላይታ ሶዶ ይዘልቃል። ይህ ሁለተኛው መንገድ ዛሬ ባልና ሚስት፣ እጮኛሞችና አዲስ ሙሽሮች በእሑድና በበዓል ቀን መኪና አስነሥተው ደርሶ መልስ የሚሸራሸሩበት ነው። ከአዲስ አበባ ብዙም ሳይርቅ ሁለት የዓለም ቅርሶችንና አንድ ውቅር ቤተ ክርስቲያን የሚያሳይ መንገድ በሀገሪቱ ሌላ መኖሩ ያጠራጥራል።

መንገዱ ግን ለሽርሽር አልተሠራም። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የጉራጌ ሰው ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው በእግሩ ነበር። ከሶዶ ጉራጌ፣ ከመስቃንና ከዚያም ራቅ ካለ ሀገር ተነሥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ሜዳ ላይ አድሮ ይገባል፤ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ለመስቀል ያጠራቀመውን ይዞ በዚያው ዱካ ወደ ቤቱ ይመለሳል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1950 ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ ብድር አግኝቶ፣ በ1951 የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤትን ሲያቋቁም ቅድሚያ የተሰጠው ለዋና ዋናዎቹ መስመሮች ነበር። የአካባቢው ተወላጆች ተራቸውን ቁጭ ብለው አልጠበቁም። እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የዓለም ገና–ወላሞ ሶዶ (የዛሬው ወላይታ ሶዶ) መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቁመው ገንዘብ ያዋጡ ጀመር። በከተማ የሚነግደው ከኪሱ፣ በገጠር ያለው ከእርሻውና ከጉልበቱ ሰጠ። በኢትዮጵያ የመንገድ ታሪክ ውስጥ ሕዝብ በራሱ መዋጮ ያን ያህል ርቀት ለመዘርጋት የተነሣበት ጊዜ ጥቂት ነውና ነገሩ ከሚወራለት በላይ ሊወራለት ይገባል።

በዚያው ዘመን የሀገሪቱ የቱሪዝም ሥራም መልክ እየያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የተጀመረው የቱሪስት ድርጅት «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ይዞ ዓለምን የጋበዘው በተለይ ወደ አክሱም፣ ወደ ጎንደርና ወደ ላሊበላ ነው። የቡታጅራ መስመር ከዚህ ግብዣ ዳር ቀረ። ስለዚህም ዋና ጎብኚዎቹ የአዲስ አበባ ሰዎችና ተመራማሪዎች ሆኑ።

የመጀመሪያው መቆሚያ መልካ ቁንጡሬ ነው፤ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ቦታው በአዋሽ ወንዝ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1963 ሄራርድ ዴከር የተባለ ኔዘርላንዳዊ የውሃ ባለሙያ የድንጋይ መሣሪያዎች አገኘበት። ከ1965 ጀምሮ ቁፋሮውን የመራው ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ነው። ከጎኑ ባለቤቱ ኒኮል ሻቫዮን ነበረች፤ እርሷም የቅድመ ታሪክ ተመራማሪ ናት። የዚህ መንገድ ጥንዶች ታሪክ ከተጻፈ መጀመር ያለበት ከእነርሱ ነው፤ ሌላው በአንድ ቀን አይቶ የሚመለሰውን ሜዳ እነርሱ ለብዙ ዓመታት እየተመላለሱ ሽፋን በሽፋን ገልጠውታል።

የወጣው ነገር ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የሰው ልጅ ኑሮ ነው። ጥንታውያኑ በአቅራቢያው ካለው ከባልጪት የሚገኘውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት፣ ማለትም ኦብሲዲያንን፣ እየፈለጡ ስለት ሠርተውበታል። ጎምቦሬ በተባለው ክፍል 700 ሺህ ዓመት ያስቆጠሩ የእግር አሻራዎች ተገኝተዋል፤ ከአሻራዎቹ መካከል የሕፃናትም አለበት። ጉማሬ በታረደበት፣ ድንጋይ በተፈለጠበት ቦታ ሕፃናት ከአዋቂዎች አጠገብ ይውሉ እንደነበር ከዚህ በላይ የሚናገር ማስረጃ የለም። ግኝቶቹ በጎጆ መልክ በተሠሩ አነስተኛ የሙዚየም ክፍሎች ለእይታ ቀርበዋል። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ገባ ብሎ አዳዲ ማርያም ትገኛለች። ከዐለት የተፈለፈለች ናት፤ ትውፊቱ ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣታል። እንደ ላስታዎቹ በረቀቀ ሁኔታ የተጠረበች ባትሆንም ከውቅር አብያተ ክርስቲያናት ወደ ደቡብ እጅግ የራቀችው እርሷ በመሆኗ ለታሪክ ያላት ዋጋ ትልቅ ነው። ዛሬም ይቀደስባታል።

ጢያ ከከተማው 80 ኪሎ ሜትር አልፎ በሶዶ ጉራጌ ምድር ነው። በመንገዱ ዳር ካሉት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአካባቢው ከሚታወቁት 160 ያህል የትክል ድንጋይ ስፍራዎች አንዱ ሲሆን 36 ድንጋዮች አሉት፤ 32ቱ ቅርጽ የተቀረጸባቸው ናቸው። ጎራዴ፣ ክብና ቅጠል መሰል ምልክት ይታይባቸዋል። ቅጠሉን እንሰት ነው የሚሉ አሉ፤ የምልክቶቹ ትርጉም ግን እስካሁን በአብዛኛው አልተፈታም። የሀገሬው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ሲላቸው ኖሯል። ሆኖም ድንጋዮቹ ከግራኝ፣ ማለትም ከኢማም አሕመድ፣ ዘመን ይቀድማሉ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ፈረንሳዊው ካህን አባ አዛይስ በሶዶ ዞረው ስለ ትክል ድንጋዮቹ ጽፈዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ በሮጀ ጁሶም መሪነት የተካሄደው ቁፋሮ ሥሩ መካነ መቃብር መሆኑን አረጋገጠ። የተቀበሩት ወንዶችም ሴቶችም ናቸው፤ አብዛኞቹ በወጣትነታቸው የሞቱ። ጢያ የዓለም ቅርስ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

ቀን የተረፈው ወደ ቡታጅራ ይቀጥላል፣ ክትፎውን ይበላል፣ ከዚያም በስልጤ ምድር ወዳለው ሐረ ሸይጣን ይሄዳል። ሐረ ሸይጣን በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው። ከአፋፉ ላይ ሆኖ ድንጋይ መወርወር የጎብኚ ሁሉ ልማድ ሆኗል፤ የቱንም ያህል ጉልበተኛ ቢወረውር ድንጋዩ ከውሃው አይደርስም ይባላልና።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጉዞ ግን ከጎብኚዎች አይደለም። በመስከረም አጋማሽ፣ ለመስቀል፣ አዲስ አበባ የሚኖረው የጉራጌ ቤተሰብ ልጁንና ዕቃውን በመኪና ጭኖ ይወርዳል፤ ከጀሞ ጀምሮ መንገዱ ይጨናነቃል። ከመስቀል በኋላ ባሉት ቀናት በሶዶ ክስታኔ ወጣቶች በየገበያው አዳብና ለተባለው ባህላዊ ጨዋታ ይሰበሰባሉ፤ ይጫወታሉ፣ ይተያያሉ፣ ይተጫጫሉ።