ደለል

ጎርፍ ተሸክሞ አምጥቶ ውሃው ሲረጋ የሚያስቀምጠው ደቃቅ አፈር ነው። ክረምት ላይ ከደባርቅና ከዳባት ቁልቁለቶች ወደ ተከዜና አንገረብ የሚወርደውን ጅረት ቡናማ የሚያደርገው እሱ ነው። እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ከደቃቁ አፈር ጋር ስለሚጣበቁ፣ የብክለትን ምንጭ የሚፈልግ ባለሙያ ደለሉን ከታች ወደ ላይ፣ በየገባሩ እየዛቀ ይመረምራል፤ የብረቶቹ መጠን በድንገት ከቀነሰ ምንጩን አልፎታል ማለት ነው። የስሜን ተራሮች ባዛልት ግን በተፈጥሮው ክሮሚየምና ኒኬል አለው። ያልተነካው አፈር አስቀድሞ ካልተለካ የድንጋዩ ድርሻ በሰው ይላከካል፣ የሰውም በድንጋዩ። አዲስ አበባ ላይ ይህ መምታታት ጉዳት አለው፦ ቆዳ ፋብሪካዎች በክሮሚየም ያለፋሉ፣ ፍሳሻቸው አቃቂ ወንዝ ሲገባ ኖሯል፣ በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ለበላተኛው ሲባል ደለሉ በየጊዜው ሊመረመር፣ ውጤቱም ለአትክልተኞቹ ሊነገር ይገባል።