ከቁራኛ እስከ ስንቅ፦ የታሰረው ማን ነው?

«በዓይነ ቁራኛ ጠበቀው» እንላለን፡፡ ሕመም ከቤት ያስቀረውን ሰው ደግሞ «የአልጋ ቁራኛ» እንለዋለን፡፡ ቃሉ ከአፋችን ባይጠፋም ከየት እንደመጣ የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን፡፡ ቁራኛ ማለት ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ሰንሰለት የታሰረ ሰው ነው፡፡ በየአውራጃው እስር ቤት ባልነበረበት ዘመን ባለዕዳው ከአበዳሪው፣ ተከሳሹም ከከሳሹ ጋር ይቆራኝ ነበር፡፡ ሁለቱም አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ ዳኛ ፊትም አብረው ይቀርባሉ፡፡

ልብ በሉ፤ በዚህ ሥርዓት ያሳሰረውም ሰው ታስሯል፡፡ ሰንሰለቱ ለተከሳሹ የከበደውን ያህል ለከሳሹም ይከብደዋል፡፡ ስለዚህ ጉዳዩ ቶሎ እንዲቋጭ የሚፈልጉት ሁለቱም ናቸው፡፡

ይህንን የምናነሳው የድሮውን ለማሞገስ አይደለም፡፡ እጅ መቁረጥና ጅራፍ የነበሩበት ዘመን ነውና ማንም እንዲመለስ አይመኘውም፡፡ የምናነሳው ቁራኛው ቀርቷል ስለማንል ነው፡፡ አልቀረም፤ የሰንሰለቱ አንድ ጫፍ ግን ከአሳሪው እጅ ወጥቶ በሌላ ሰው እጅ ገብቷል፡፡ የማን እጅ እንደሆነ ታሪኩን ተከትለን እንየው፡፡

አምባ፣ ዋስ፣ ወህኒ

የጥንቱ እስር ቤት የጥቂቶች ነበር፡፡ ዙፋን ይሻማሉ ተብለው የተፈሩት ልዑላን መጀመሪያ በአምባ ግሸን፣ በጎንደር ዘመን ደግሞ በወህኒ አምባ ይጠበቁ ነበር፡፡ ተራው ሰው ግን «በሕግ አምላክ» ሲባል ይቆማል፤ ከባላጋራው ጋር ነጠላ ለነጠላ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዳል፤ ዋስ ይጠራል፡፡ ዋስ ያጣ ይቆራኛል፡፡ ግድግዳው ሰው ነበር ማለት ይቻላል፡፡

የድንጋዩ ግድግዳ የመጣው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፡፡ በ1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አወጣ፡፡ በአዲስ አበባም ሕዝቡ «ዓለም በቃኝ» ብሎ የሰየመው እስር ቤት ታወቀ፡፡ ሌላው ስሙ ከርቸሌ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው፡፡

ከጣሊያን የወረስነው ግን ስም ብቻ አይደለም፡፡ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ፋሺስቶች ሺዎችን እየለቀሙ ሶማሊያ ውስጥ ወደነበረው የዳናኔ ካምፕ አጋዙ፡፡ ከመኳንንቱ ወገን ብዙዎችን ከነሚስትና ከነልጆቻቸው በባሕር አሻግረው ጣሊያን ድረስ ወሰዱ፡፡ ሰውን በፈጸመው ድርጊት ሳይሆን በወገኑ በጅምላ ማሰር በዘመናዊ መልኩ ያየነው ያኔ ነው፡፡

ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የወህኒ ቤቶች አዋጅ ወጣ፡፡ በ1949 ዓ.ም. ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ፡፡ ቅጣት ማስተማርና ማረም አለበት የሚለው ሐሳብ በወረቀት ላይ ገባ፡፡ ወህኒ ቤቱ ራሽን ቢኖረውም ራሽኑ ሰው አያጠግብም፤ ስለዚህ ከበሩ ውጭ ሌላ ሰልፍ ተሠራ፡፡ ምሳ ዕቃ የያዘች ሚስት፣ ነጠላዋን ያጣፋች እናት፣ ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ፡፡ ስማቸውም «ጠያቂ» ነው፡፡

ምሳ ዕቃው ሲመለስ

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ 60 የሚሆኑ ባለሥልጣናትንና መኮንኖችን ያለ ፍርድ ገደለ፡፡ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን ከሟቾቹ መካከል ነበሩ፡፡ ቦታው ያው ዓለም በቃኝ ነው፡፡ ይህ ቀን በታሪክ መጻሕፍት በደንብ ተጽፏል፡፡ በደንብ ያልተጻፈው ከዚያ በኋላ በየሰፈሩ የሆነው ነው፡፡

ቀይ ሽብር ሲታወጅ ወህኒ ቤት ከከተማ ዳር ወደ ጎረቤት መጣ፡፡ ቀበሌውም ከፍተኛውም የራሱ እስር ቤት ነበረው፡፡ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት መታወቂያ ይሰጣል፣ በራሽን የሚገኘውን ስኳር ያከፋፍላል፣ ያስራልም፡፡ እናት ልጇን ወዳሰሩባት ሰዎች ለስኳርም ለስንቅም ትሄዳለች፡፡ የልጇን ሞት የምትሰማውም ብዙ ጊዜ በመርዶ ነጋሪ አልነበረም፡፡ የወሰደችው ምግብ «ከእንግዲህ አታምጪ» ተብሎ ሲመለስላት ነው፡፡ ማልቀስ ራሱ ወንጀል ሆኖባት ድንኳን ሳትጥል፣ ለቅሶ ሳትቀመጥ የቀረች እናት ስንት ናት! የሞተው ተቀበረ እንበል፤ እሷስ መቼ ተፈታች?

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፡፡ ያሰሩት ታሰሩ፡፡ የደርግ ባለሥልጣናት ዋናው ክስ እስኪመሠረትባቸው ከሦስት ዓመት በላይ ጠበቁ፡፡ ፍርዱም በ1999 ዓ.ም. ነው የመጣው፡፡ በእነዚያ ዓመታት በከርቸሌ በር ላይ የተሰለፉት የእነሱ ሚስቶችና ልጆች ናቸው፡፡ የሟቾቹ እናቶች ፍትሕ ይገባቸው ነበር፤ በዚያ አንደራደርም፡፡ ነገር ግን የገዳይ ልጅም ምሳ ዕቃ ተሸክማ ስታድግ ምን አጥፍታ ነው? ሰልፉ ፖለቲካ አይለይም፤ ተሰላፊው ብቻ ይቀያየራል፡፡

ከደዴሳ እስከ አዋሽ አርባ

ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ወጣቶች በአሥር ሺዎች እየታፈሱ ደዴሳን ወደመሳሰሉ ካምፖች ተጫኑ፡፡ ብዙ ቤተሰብ ልጁ የት እንዳለ እንኳ የሚነግረው አላገኘም፡፡ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ በመደበኛው ሥነ ሥርዓት 14 ቀን የነበረውን የምርመራ ቀጠሮ ቢያንስ 28 ቀን፣ በጠቅላላው እስከ አራት ወር አደረገው፡፡ በመስከረም 2009 ዓ.ም. በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ተያዙ፤ ይህንን መንግሥት ራሱ አምኗል፡፡ ጦላይ፣ ብር ሸለቆና አዋሽ ሰባት «የተሐድሶ ሥልጠና» ቦታ ተባሉ፡፡ ከሠልጣኞቹ ብዙዎቹ ሲለቀቁ «አይደገምም» የሚል ካናቴራ ለብሰው ነበር፡፡ (የማይደገመው ምን እንደሆነ ካናቴራው አይናገርም፡፡)

ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. የቂሊንጦ እስር ቤት ሲቃጠል መንግሥት 23 ሰዎች ሞቱ አለ፡፡ የሟቾቹ ስም ግን ለቀናት አልተነገረም፡፡ ቤተሰብ ከእስር ቤት እስር ቤት፣ ከሆስፒታል ሆስፒታል ተንከራተተ፡፡ ከቀይ ሽብር 40 ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ እናት አሁንም የልጇን ሞት ከስንቅ ማቀበያ በር ላይ ቆማ ትገምታለች፡፡

ስም መለወጥ መታረም ነው?

ለውጥ አልነበረም አንልም፡፡ ወህኒ ቤት «ማረሚያ ቤት» ተባለ፡፡ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው እንዲጠይቁት ደነገገ፡፡ ዓለም በቃኝ ፈረሰ፤ በቦታው ላይ በ2004 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ተመረቀ፡፡ በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ማዕከላዊ ተዘጋ፤ በሐምሌው ደግሞ የምሕረት አዋጅ ጸደቀ፡፡ በ2012 ዓ.ም. አዲስ የፌዴራል ማረሚያ ቤት አዋጅ ወጣ፡፡

ሆኖም በ2014 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሺዎች የሚቆጠሩ የትግራይ ተወላጆች ታሰሩ፡፡ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ተራው የአማራ ተወላጆች ሆነ፡፡ ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚርቀው አዋሽ አርባም የሰው ማጎሪያ ሆነ፡፡

ለምን? እኛ እንደሚመስለን ማሻሻያዎቹ ሁሉ የነኩት ግድግዳውን ነው፡፡ የጅምላ እስር ግን የሚፈጸመው ከማረሚያ ቤቱ ግድግዳ ውጭ ነው፤ በፖሊስ ጣቢያ፣ በወታደር ካምፕ፣ በ«ጊዜ ቀጠሮ»፡፡ የማረሚያ ቤት አዋጅ እዚያ አይደርስም፡፡

ሁለተኛው ምክንያት ስንቅ ነው፡፡ አንድ ሰው በፖሊስ ጣቢያ ስድስት ወር ቢቀመጥ አብዛኛውን ቀን የሚያበላው ማን ነው? ቤተሰቡ፡፡ ልብሱን የሚያጥበው፣ መድኃኒቱን የሚገዛው፣ ጠበቃ የሚፈልገው፣ የቤት ኪራይ የሚከፍለውስ? ያው ቤተሰቡ ነው፡፡ ይዛ የመጣችውን ወጥ «ቅመሺው» ተብላ በዘበኛ ፊት የምትጎርሰው እህት ሥራ ፈቅዳ ወይም ተባርራ ነው የመጣችው፡፡ ዕቁብ ይቋረጣል፤ ልጅ ትምህርት ያቆማል፤ ነገ እኔንም ያስሩኛል ብሎ የፈራ ጎረቤት ሰላምታ ይቀንሳል፡፡ ይህ ሁሉ ወጪ በየትኛውም የመንግሥት በጀት ውስጥ አልተጻፈም፡፡ ስለዚህ ማሰር ርካሽ ነው፡፡ አንድም ሰው አስር አንድ ሺህም፣ ሒሳቡ የሚሄደው ወደ ሌላ ሰው ቤት ነው፡፡

ቁራኛው ይኸውላችሁ! ድሮ ያሳሰረው ሰው በሰንሰለቱ በሌላኛው ጫፍ ስለነበር እስሩ እንዲያጥር ይፈልግ ነበር፡፡ ዛሬ ያ ጫፍ ያለው በእናቲቱ እጅ ነው፡፡ አሳሪው እጁ ነፃ ነው፤ ስለዚህ አይቸኩልም፡፡

የእስር ቤት ማሻሻያ የሚባል ነገር ከልብ ከታሰበ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው፡፡ የተያዘ ሰው የት እንዳለ በዚያው ቀን ለቤተሰቡ ይነገር፡፡ በሕግ ከታወቀ ማረፊያ ውጭ ማንም አይታሰር፤ ከቤተሰቡም አይራቅ፡፡ ከጣቢያ ጀምሮ ምግቡና ሕክምናው በመንግሥት በጀት ይሸፈን፡፡ በነፃ የተለቀቀ ሰው ለባከነበት ጊዜ ይካስ፡፡ ያሰረ አካል የሰንሰለቱን ጫፍ መልሶ ይያዝ ነው የምንለው፡፡ ያኔ «መረጃ ስናሰባስብ ይቆይ» ማለት ዋጋ ይኖረዋል፤ ዋጋ ያለውን ነገር ደግሞ ሰው አስቦ ነው የሚያወጣው፡፡

ስንቅ ማመላለስ በባህላችንም በሃይማኖታችንም ጽድቅ ነው፤ ክፉ ቀን ያሳለፈን እሱ ነውና ይቅር አንልም፡፡ ግን የደጋጎችን ጽድቅ የአሳሪ በጀት ያደረገውን ሥርዓት ማረሚያ ቤት ብሎ መጥራት ይከብደናል፡፡ እስኪ እናንተም ከዘመድ ወዳጃችሁ መካከል በዚያ ሰልፍ ያልቆመ ሰው ካለ ቁጠሩ፡፡

ቸር ይግጠመን!