የጎማ መጠንና ዕድሜ በአማተሮች የመኪና ውድድር

«ስፔክ ማያታ» በአሜሪካ የሚካሄድ፣ ተወዳዳሪዎች ሁሉ በማዝዳ ማያታ መኪና የሚሰለፉበት የአማተሮች ውድድር ነው። ፉክክሩ የገንዘብ ሳይሆን የችሎታ እንዲሆን ደንቡ የጎማውን ዓይነትና መጠን ይወስናል። መጠኑ 205/50 በ15 ሲሆን፣ 205 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 50 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ አንጻር በመቶኛ፣ 15 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው።

መጠን የጎማን ዕድሜ የሚነካው በዋናነት በሙቀት በኩል ነው። ሰፊ ጎማ በኩርባ ላይ የሚደርስበትን ጫና ለብዙ ላስቲክ ስለሚያካፍል ቶሎ አይግልም፤ ጠባቡ ግን ከልክ በላይ ግሎ ጠርዙ ይፋቃል። የጎማው ቁመትም ድርሻ አለው። በስሌት 195/50 በ15 ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 553 ጊዜ ያህል ሲዞር፣ ባለ 205ቱ 543 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይሁን እንጂ ለቸርኬው ከሚገባው በላይ የሰፋ ጎማ መሐሉ አብጦ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል።

መጠኑ ለሁሉም እኩል በሆነበት ውድድር ልዩነቱን የሚፈጥረው አያያዝ ነው። የነፋሱ ልክና የጎማው ዘንበል ካልተስተካከሉ ጎማው በአንድ ወገን ይበላል። ላስቲኩም ደጋግሞ በጋለና በቀዘቀዘ ቁጥር እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ ገጹ ሳያልቅ መሬት የመቆንጠጥ ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ከኪሱ እያወጣ የሚወዳደር ሰው የጎማውን ውፍረት ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ ግሎ እንደቀዘቀዘም መዝግቦ መያዝ ይጠቅመዋል።