የከሸፈ ጥይትና የቤልሄልቪ ቄስ

የጦር መሣሪያ ታሪክ ሲጻፍ መሻሻል ሁሉ ከጦር ሜዳና ከመንግሥት ግምጃ ቤት የመጣ መስሎ ይቀርባል። የባልጩት ጠመንጃ የቀረበት ምክንያት ሲመረመር ግን ነገሩ የሚጀምረው ዳክዬ ያድን ከነበረ ከአንድ የስኮትላንድ ቄስ ቅሬታ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በባልጩት ጠመንጃ ቃታው ሲሳብ ባልጩቱ ብረት ይመታል፤ ፍንጣሪውም ከውጭ በትንሽ ሳሕን ላይ ያለውን ባሩድ ያቀጣጥላል፤ ከዚያ እሳቱ በቀጭን ቀዳዳ አልፎ ወደ ዋናው ባሩድ ይገባል። ዝናብ ሳሕኑን ካረጠበው፣ ባልጩቱ ከደነዘ፣ ወይም ቀዳዳው በጥላሸት ከተደፈነ ጠመንጃው ይከሽፋል። ባይከሽፍም እንኳ ብልጭታው ከተኩሱ ይቀድማልና ዳክዬዋ እርሳሱ ሳይደርስባት ውኃ ውስጥ ትጠልቃለች። በአገራችን የድሮውን ጠመንጃ «ቆመህ ጠብቀኝ» ያሉት ሰዎች ጠባዩን በሚገባ ያወቁ ናቸው፤ ሰው ምናልባት ይጠብቅ ይሆናል፤ ወፍ ግን አይጠብቅም።

አሌክሳንደር ፎርሳይዝ በአበርዲን አጠገብ የምትገኘው የቤልሄልቪ ቄስ ሲሆን ኬሚስትሪ መመራመር ይወድ ነበር። በ1800 ኤድዋርድ ሃዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ ሲመታ ስለሚፈነዳው ስለ ሜርኩሪ ፉልሚኔት ጥናቱን አቅርቦ ነበር። ሃዋርድ ይህን ቅመም በባሩድ ፈንታ ቢሞክረው ጠመንጃው ፈነዳበት። ፎርሳይዝ ግን እንዲህ ያለውን ቅመም በባሩድ ፈንታ ሳይሆን ባሩዱን ለማቀጣጠል ብቻ በጥቂቱ ተጠቀመበት። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ቁም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ክፍት ሳሕንና የሚቀድም ብልጭታ በአንድ ጊዜ ቀሩ።

በ1806 የጦር መሣሪያ መሥሪያ ቤቱ አለቃ ሎርድ ሞይራ በለንደን ግንብ ውስጥ የሥራ ቦታ ሰጠው። በ1807 ሞይራ ሲለቅ የተተካው ሎርድ ቻተም ዕቃህን ይዘህ ውጣ አለው። ቄሱም በዚያው ዓመት የፈጠራ መብቱን አስመዝግቦ ጠመንጃውን ለአዳኞች መሸጥ ጀመረ። በኋላ ቅመሙ በትንሽ የመዳብ ቆብ ውስጥ ተደረገ፤ የቆቡ ፈጣሪ እኔ ነኝ ባዮች ብዙዎች ስለሆኑ በዚያ ክርክር አልገባም።

የእንግሊዝ ጦር ሁለቱን ዓይነቶች በዉልዊች ያመዛዘነው በ1834 ነው። በየዓይነቱ 6,000 ጥይት ሲተኮስ የባልጩቱ 922 ጊዜ፣ ባለ ቆቡ 36 ጊዜ ብቻ ከሸፈ። ከስድስት አንድ ያህል የሚከሽፍ መሣሪያ ይህን ያህል ዘመን እንዴት ታገሡት? በእኔ አስተያየት በሰልፍ መቶ ሰው አብሮ ሲተኩስ ያልጮኸው ጠመንጃ አይታወቅም፤ አዳኙ ግን ያመለጠችውን እያንዳንዷን ወፍ ይቈጥራል። ወታደር ብቻውን የቀረ ዕለት ግን ጉዳዩ የሕይወት ሆነ። በ1841 በካንቶን አጠገብ ከባድ ዝናብ ሲጥል አንድ የማድራስ ወታደሮች ጓድ ተከበበ፤ የባልጩት ጠመንጃቸው ርሶ እንቢ አለ። ባለ ቆብ ጠመንጃ የያዙ የባሕር ወታደሮች ደርሰው አወጧቸው። ፎርሳይዝ በ1843 ሞተ፤ በሕይወቱ ሳለ ከመንግሥት ያገኘው ወሮታ እጅግ ጥቂት ነበር።

እርጥበት ግን ከወፍ አዳኝ ጋር አልተፋታም። በዚያው ምዕተ ዓመት እርሳሱ፣ ባሩዱና ማቀጣጠያው በአንድ ቀለህ ውስጥ ሲጠቃለሉ የወፍ ጠመንጃ ቀለህ ከወረቀት ይሠራ ስለ ነበር ረግረግ ውስጥ የዋለ ቀለህ ያብጥና ወይ አልገባም ወይ አልወጣም ይል ነበር። በሰም መንከር ጥቂት ረዳ። ሬሚንግተን የፕላስቲክ ቀለህ ለገበያ ያቀረበው በ1960 ነው። ዛሬም ቢሆን ቃታ ተስቦ ጥይቱ ዝም ሲል ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላልና አዳኙ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳቀና ጥቂት ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ጠመንጃውን ይከፍታል።