ያስታገሰ ሁሉ አድኗል ወይ? የቁርጥማት መድኃኒት ታሪክ

ንፋስ መውጫ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። ከጉና በኩል የሚነፍሰው ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ቁርጥማት ያልጎበኘው ቤትም ማግኘት ይቸግራል። እናቶቻችን እህል በእጅ ወፍጮ ሲፈጩ፣ ውኃ በእንስራ ሲያመላልሱ፣ እንጨት በጀርባቸው ሲሸከሙ ኖረዋል። እኛም ከዚያ ድካም ብዙውን ወርሰናል። ስለዚህ በማኅበራችን ስለ ቁጠባና ስለ ብድር ስንነጋገር ወሬው መልሶ መላልሶ ጉልበት፣ ወገብና እጅ ላይ ያርፋል። አንዷ ዋግምት፣ ሌላዋ ፍል ውሃ፣ ሦስተኛዋ ከውጭ አገር ዘመድ የላከላት ክኒን እንዳዳናት ትናገራለች። እውነት ያድናሉ? ጥያቄው የዛሬ አይደለም፤ ከእኛ በፊትም ብዙ ሰው ጠይቆታል። የተገኘውን መልስ በታሪክ መንገድ ተከትለን ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን ለማካፈል ፈለግን።

ቁርጥማት አንድ በሽታ አይደለም

በቅድሚያ ስለ ስሙ። እኛ ብርድ፣ ቁርጥማት፣ ሪህ ብለን የምንጠራው ሕመም በሐኪም ዘንድ ብዙ ዓይነት ነው። በዕድሜና በሥራ ብዛት መገጣጠሚያ ሲበላ ይታመማል። ዩሪክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር በመገጣጠሚያ ውስጥ ሲከማች፣ ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣት በአንድ ሌሊት አብጦ ይቀላል፤ ሪህ በትክክል የዚህ ስም ነው። የሰውነት መከላከያ በራሱ መገጣጠሚያ ላይ የሚነሣበት፣ የሁለቱንም እጅ ጣቶች የሚያሳብጥና ጠዋት ጠዋት የሚያደርቅ ሕመምም አለ። በልጆች ላይ ደግሞ ከጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣ አለ፤ እርሱን ቆይተን እናነሣዋለን። አንዱን የሚረዳ መድኃኒት ለሌላው ላይጠቅም ይችላል። ብዙው ክርክር የሚነሣው ሁሉንም በአንድ ስም ከመጥራታችን ነው።

ከጓሮ እስከ ብራና

በአገራችን የመድኃኒት ዕውቀት በሁለት መንገድ ተላልፏል። አንደኛው የደብተሮች መንገድ ነው። በግእዝና በአማርኛ የተጻፉት የመድኃኒት መጻሕፍት ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ አወሳሰዱንና ጸሎቱን አንድ ላይ ይዘዋል። ስቴፋን ስትሬልሲን የተባለው በፖላንድ የተወለደ ሊቅ ከእነዚህ ጽሑፎች ብዙዎቹን አጥንቶ በ1968 እ.ኤ.አ. አሳትሟቸዋል። ሁለተኛው የሴቶች መንገድ ነው። ዳማከሴና ጤና አዳም በጓሮ የተከለችው፣ ፌጦውን የወቀጠችው፣ በቅቤ ያሸችው እናት ያወቀችውን በብራና አልጻፈችም፤ ለልጇ በእጇ አሳየቻት።

ይህን ዕውቀት የሚንቅ ታሪክ አያውቅም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የኮሶን ዛፍ ገልጾ ለአውሮፓ አስተዋውቋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ኮሶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ለትል ይሸጥ ነበር። ዳማከሴም በአገራችን ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ ተሞክሮ ትኩሳት እንደሚያበርድ ታይቷል። ሆኖም ኮሶ ትል ማስወጣቱ፣ ዳማከሴም የአይጥ ትኩሳት ማብረዱ፣ የሰውን ጉልበት ያድናሉ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ መድኃኒት ስለ ራሱ፣ እያንዳንዱም ሕመም ስለ ራሱ መጠየቅ አለበት።

ፍል ውሃ ከተማ ሲቆረቁር

ስለ ፍል ውሃ ከተነሣ የአዲስ አበባን ታሪክ መዝለል አይቻልም። በ1879 ዓ.ም. የንጉሥ ምኒልክ ሰፈር በእንጦጦ ነበር። እንጦጦ እንደኛ አገር ብርዳምና ነፋሻ ነው። ጣይቱ ብጡል ከተራራው ሥር ያለውን ፍል ውሃ ወደዱት፤ በአቅራቢያውም ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። መኳንንቱም እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። ስለዚህ የአገራችን ዋና ከተማ ከተቆረቆረችባቸው ምክንያቶች አንዱ ትኩስ ውኃ ነው ማለት ይቻላል። በእኛው በደቡብ ጎንደርም፣ በደራ ወረዳ ከጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለው የዋንዛዬ ፍል ውሃ ዛሬም ድረስ ቁርጥማት የያዘውን ሰው ከየአቅጣጫው ይሰበስባል።

ፍል ውሃ ይሠራል? ሙቀት የተወጠረውን ጡንቻ ያላላል፤ ውኃ ክብደትን ስለሚሸከም የታመመ ጉልበት በውስጡ ሲንቀሳቀስ ይቀለዋል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በሞቀ ውኃ ውስጥ የሚደረግ እንቅስቃሴ የተበላ ጉልበትንና ዳሌን በመጠኑ እንደሚረዳ አሳይተዋል፤ ጥቅሙ ግን ትንሽ ነው፤ ብዙም አይቆይም። የተበላውን መገጣጠሚያ መልሶ አይሠራውም። ስለዚህ ከዋንዛዬ የተመለሰች እናት ቀለለኝ ስትል እውነቷን ነው። ድኛለሁ ብላ የታዘዘላትን መድኃኒት ስትጥል ግን ውኃው ያላደረገውን አደረገ ማለቷ ነው።

የአኻያ ልጥ

በወንዞቻችን ዳር የሚበቅለውን አኻያ ሁላችንም እናውቀዋለን። የዚህ ዛፍ ዘመዶች በብዙ አገር አሉ። በ1763 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ የአኻያን ልጥ አድርቆና ፈጭቶ ወደ 50 ለሚጠጉ ባለ ትኩሳት ሰዎች እንደሰጠና እንደጠቀማቸው ለአገሩ ሊቃውንት ማኅበር ጻፈ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1876 እ.ኤ.አ.፣ ቶማስ ማክላገን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ከልጡ የሚወጣውን ሳሊሲን መጀመሪያ በራሱ ላይ ሞክሮ፣ ቀጥሎ መገጣጠሚያቸው ላበጠ ሕመምተኞች ሰጠ። እብጠቱና ትኩሳቱ ጎደለ። ማክላገን ዛፉን የመረጠው በሽታው በረጠበ ቦታ ስለሚበዛ መድኃኒቱም በረጠበ ቦታ መብቀል አለበት ብሎ ነው። ሐሳቡ ስሕተት ነበር፤ መድኃኒቱ ግን ሠራ። በ1897 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በባየር ኩባንያ የተሠራው አስፒሪን የዚሁ ንጥረ ነገር ዘመድ ነው።

ኮልቺከም የሚባለው አበባም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። የቢዛንታይን ሐኪሞች ከ1,400 ዓመት በፊት ለመገጣጠሚያ ሕመም ሰጥተውታል። ከእርሱ የሚወጣው ኮልቺሲን ዛሬም ለሪህ ይታዘዛል። ነገር ግን ለሥራ ለተበላ ጉልበት የሪህን ያህል አይረዳም፤ መጠኑ ካለፈ ደግሞ ይገድላል። ከተክል የተገኘ ሁሉ አይጎዳም የሚለው አባባል በዚህ አበባ ላይ ይወድቃል።

መገጣጠሚያው ሲድን ልብ ሲታመም

አሁን ወደ ልጆቻችን እንመለስ። ማክላገን ያከማቸው ሕመምተኞች የያዛቸው የሩማቲክ ትኩሳት ነበር። በሽታው የሚጀምረው በባክቴሪያ ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ነው። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ የልጁ ጉልበት ያብጣል፤ እርሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ፣ ቀጥሎ ክርኑ ይይዘዋል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ምንም ባይደረግለትም እብጠቱ ይጠፋል። በዚያ ሰሞን የተደረገለት ሁሉ፣ ቅጠልም ይሁን መታሸት፣ ዋግምትም ይሁን ጠበል፣ ያዳነው ይመስላል። የማክላገን ሳሊሲን እንኳ መገጣጠሚያውን አስታገሰ እንጂ ልብን አልጠበቀም። በሽታው የልብን በሮች የሚያበላሽ ነውና፣ ልጁ ከዓመታት በኋላ ዳገት መውጣት ሲያቅተው፣ ወይም ልጅቷ አድጋ ስታረግዝ እስትንፋስ ሲያጥራት ነው የሚታወቀው።

መፍትሔው የተገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። በ1950 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ወታደሮች መካከል የተደረገ ጥናት የጉሮሮውን ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ማከም የሩማቲክ ትኩሳትን እንደሚከላከል አሳየ። አንድ ጊዜ የያዘው ልጅም በየሦስትና አራት ሳምንቱ ለዓመታት የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ደጋግሞ እንዳይዘው ይጠብቀዋል። በአገራችን በዚህ በሽታ ልባቸው የተጎዳ ልጆች ብዙ ናቸው። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ማዕከል ከፍቶ ልጆችን ያክማል። ያ ሁሉ የልብ ቀዶ ሕክምና ከመምጣቱ በፊት ግን ሥራው በጤና ጣቢያ በሚሰጥ መርፌ ሊያልቅ ይችል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ ላይ በሽታውን የሚደብቀው ራሱ ማስታገሻው ነው።

ከባሕር ማዶ የሚመጣው ክኒን

የውጭ ነገር ሁሉ ይሻላል የሚል ቢኖር አንድ ታሪክ እንጨምር። ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን የሚባሉ የመገጣጠሚያ ክኒኖች በውጭ አገር በብዛት ይሸጣሉ፤ በዘመድ ሻንጣም ወደ አገራችን ይገባሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጉልበታቸውን በታመሙ 1,583 ሰዎች ላይ የተደረገ ትልቅ ጥናት ውጤቱን አሳተመ። ከሰዎቹ ከፊሎቹ የተሰጣቸው ምንም መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ክኒን ነበር። ክኒኖቹ በጠቅላላው ከማስመሰያው የረባ ብልጫ አላሳዩም። የሚያስገርመው ግን ማስመሰያውን ከወሰዱት ከ100 ሰዎች 60 ያህሉ ሕመማቸው በግልጽ መቅለሉ ነው።

ይህ ስለ እኛም ይናገራል። የመገጣጠሚያ ሕመም ይነሣል፤ ይበርዳል። መድኃኒት የምንፈልገው በተነሣብን ቀን ነው፤ በበረደ ጊዜ ምስጋናው ለመጨረሻው መድኃኒት ይሆናል። ተስፋና የሚንከባከብ ሰው እጅም ሕመምን ያቀልላል። ስለዚህ እገሊት ድናለች የሚለው ወሬ እውነት ሆኖ ሳለ፣ መድኃኒቱ መሥራቱን ብቻውን አያስረዳም። የወሰዱትንና ያልወሰዱትን ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል።

ማጣላት አያስፈልግም

የአገራችን ሕግ የባህል ሕክምናን አልገፋም፤ በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው አዋጅ ቁጥር 100 ጤና እስካልጎዳ ድረስ እንዲሠራበት ፈቅዷል። በእምነት በኩልም መንገዱ ታይቷል። በ2007 እ.ኤ.አ. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ለምእመናን ተናግረዋል። ለቁርጥማትም ይኸው ምክር ይበቃል፤ ጠበል የምትጠመቅ እህት መድኃኒቷን መጣል የለባትም።

እኛ ከዚህ ታሪክ የያዝነው ይህን ነው። ሙቀት፣ መታሸት፣ ፍል ውሃና በቀስታ መንቀሳቀስ ለደከመ ጉልበት ማስታገሻ ናቸው፤ ብዙ ገንዘብ እስካላስወጡና እስካልጎዱ ድረስ ይቀጥሉ። በጋለ ብረት መተኮስ፣ በምላጭ መብጣት፣ የተሰበረ እጅና እግርን ደም እስኪቋረጥ አጥብቆ ማሰር ግን ጉዳታቸው የታወቀ ነው፤ ይቅሩ። ስም የሌለው ዱቄት በአንድ ሌሊት ተአምር ከሠራ ጠርጥሩት፤ በሌላ አገር እንዲህ ያሉ የባህል መድኃኒቶች ሲመረመሩ ኃይለኛ የፋብሪካ መድኃኒት በድብቅ ተጨምሮባቸው ተገኝቷል።

ጉሮሮውን ታሞ የነበረ ልጅ መገጣጠሚያው ሲያብጥ፣ መገጣጠሚያ ከትኩሳት ጋር ሲቀላ፣ የእጅ ጣቶች ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ሲደርቁ፣ ማሸቱን ለሌላ ቀን አቆይተን በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ገንዘብ ያጠራት አባል ብቻዋን አትጨነቅ፤ ማኅበር የመሠረትነው ለዚህ ለዚህ ቀን ነው።