«ብዜት» የሚለው ቃልና የቬክተሮች ቅደም ተከተል

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ሒሳብን በአማርኛ የተማረ ሕፃን፥ 3 በ4 ቢባዛ ወይም 4 በ3 ቢባዛ ውጤቱ ያው 12 እንደሆነ ገና በታችኛው ክፍል ያውቃል። የማባዛት የመቀያየር ባሕርይ የሚባለውም ይኸው ነው። ይህ ተማሪ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ከፍ ሲል ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ቆይቶም የሁለት ቬክተሮች ብዜት ያጋጥመዋል። በዚህኛው ብዜት ግን ሁለቱ ቦታ ሲለዋወጡ የውጤቱ ምልክት ከአዎንታዊ ወደ አሉታዊ ይገለበጣል። አንዱ ቃላችን «ብዜት» ሁለቱንም እንዲሸከም ተደርጓል። በዚህ ጽሑፍ ችግሩ ከየት እንደመነጨና ተርጓሚ ሊያደርግ የሚገባውን ጥንቃቄ ለማመልከት እንሞክራለን።

ነገሩ ለአውሮፓ ሊቃውንትም ቀላል አልነበረም። የአየርላንዱ ሊቅ ዊልያም ሮዋን ሃሚልተን ሦስት ክፍል ያላቸውን ቁጥሮች የሚያባዛበትን ዘዴ ለዓመታት ፈልጎ አጣ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1843 በደብሊን አቅራቢያ በቦይ ዳር ሲጓዝ፥ አራት ክፍል ያላቸው ቁጥሮች መፍትሔ እንደሚሆኑ ተገለጠለትና ቀመሩን በብሩም ድልድይ ድንጋይ ላይ ቀረጸው። ለዚህ የከፈለው ዋጋ የመቀያየርን ባሕርይ መተው ነበር። ይኸውም አንደኛው አሐድ በሁለተኛው ሲባዛ ሦስተኛውን ይሰጣል፤ ሁለተኛው በአንደኛው ሲባዛ ግን የሦስተኛውን አሉታዊ ይሰጣል። መጠንና አቅጣጫ ላለው ነገር ከላቲን «ተሸካሚ» የሚል ፍች ያለውን «ቬክተር» የሚለውን ቃል ያዋለውም ይኸው ሃሚልተን ነው።

ከዚያም በአሜሪካ፥ በዬል ያስተምር የነበረው ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1881 እና በ1884 ለተማሪዎቹ ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ብዜት ለብቻው ለይቶ አቀረበ፤ «የዘመመ ብዜት» ተብሎ ሊተረጎም የሚችል ስምም ሰጠው። ደቀ መዝሙሩ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1901 ባወጣው መጽሐፍ ደግሞ «ክሮስ» የሚለው አጠራር ተስፋፋ። እንግዲህ «ክሮስ» የተባለው በሁለቱ ቬክተሮች መካከል ከሚጻፈው የ× ምልክት ቅርጽ የተነሣ ነው። ቃሉን «መስቀለኛ ብዜት» ብለን ብንመልሰው ምልክቱን እንተረጉማለን፤ የሥራውን ጠባይ ግን አንነካም። በመስቀለኛ መንገድ ላይ የትኛው መንገድ ቀዳሚ፥ የትኛው ተከታይ እንደሆነ የሚጠይቅ የለምና።

ነገሩን በሁለቱ ከተሞች ምሳሌ እንመልከት። ከአዲስ አበባ መሐል ቀጥታ ሲለካ ወልቂጤ በግምት 105 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብና 83 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ትገኛለች፤ ቡታጅራ 40 ወደ ምዕራብና 100 ወደ ደቡብ። የወልቂጤን ቬክተር አስቀድመን ብናባዛ፥ 105 በ100 ሲባዛ ከሚገኘው ላይ 83 በ40 ሲባዛ የሚገኘው ተቀንሶ 7180 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም ሦስቱ ከተሞች የሚሠሩት ሦስት ማዕዘን ስፋት እጥፍ ነው። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን የቀኝ እጃችንን ጣቶች ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ብናጥፋቸው አውራ ጣታችን ወደ ሰማይ ያመለክታል። ቡታጅራን አስቀድመን ብንጀምር መጠኑ ያው 7180 ሆኖ አውራ ጣታችን ወደ ምድር ይዞራል። ከተሞቹ አልተነቃነቁም፤ የተለወጠው የአጠራራቸው ተራ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቋንቋችን እንመለስ። አማርኛ ተባዢን ከአባዢ በቃል ቅርጽ ይለያል፤ «ሀን በለ አባዛ» ማለትና «በለ ሀን አባዛ» ማለት አንድ ነው፤ ሚናውን የሚናገሩት «ን» እና «በ» ናቸውና። ዳሩ ግን ያንኑ 3×4 «ሦስት ሲባዛ በአራት» ስንለው ሦስት ተባዢ ይሆናል፤ «ሦስት ጊዜ አራት» ስንለው ደግሞ አባዢ ይሆናል። ውጤቱ በሁለቱም 12 ስለሆነ ይህ መፋለስ በተራ ሒሳብ ማንንም አይጎዳም። በቬክተር ብዜት ግን አንዱን አነባበብ በሌላው የተካ ተርጓሚ፥ ቃላቱ ሁሉ ትክክል ሆነው ሳለ ምልክቱን ሊገለብጥ ይችላል። በመካኒክስ መጽሐፍ የመፍቻው ክንድ ቀዳሚ፥ የሚገፋው ኃይል ተከታይ ነው፤ ይህ ቢለዋወጥ የሚጠብቀው ብሎን በወረቀት ላይ ይላላል።

የአማርኛ ቋንቋ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመበት ጊዜ አንሥቶ ለሳይንስ ቃላት አቻ መፈለግ ቋሚ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ቅደም ተከተል በአንድ ቃል አቻ ውስጥ አይታይም፤ በፍችው ውስጥ መነገር አለበት። ስለዚህ «ቬክተራዊ ብዜት» የሚለው ስም ሲገባ «ቀዳሚ ቬክተር» እና «ተከታይ ቬክተር» የሚሉ ሁለት ቃላት አብረውት እንዲገቡ፥ ንባቡም «ከሀ ወደ ለ» እንዲሆን እናሳስባለን። «ከ» እና «ወደ» የዓረፍተ ነገሩ ቃላት ቢዘዋወሩም መነሻውንና መድረሻውን አይለቁም። ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ የተነሣን መንገደኛ ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ ከሚሄደው ጋር የሚያምታታ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ተርጓሚውም ለቬክተሮች የሚያስፈልገው ይኸው ጥንቃቄ ነው።