ከጠላት ወገን የመጣው «ጳውሎስ»



እዚህ ደሴ ከአያቶቻችን ስንሰማው ያደግነው አንድ ታሪክ አለ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ከተማችንን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ቀን እዚሁ ነበሩ። ቤቶች ተቃጠሉ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። በሚያዝያ ወር ደግሞ የጠላት ጦር ራሱ ደሴ ገባ። ለዚያ ትውልድ «ጣልያን» ማለት ቦምብ ማለት ነበር። ማን ይፈርድበታል?

ዛሬ ግን ስለ ሌላ ጣልያናዊ ልንገራችሁ። ስሙ ኢሊዮ ባሮንቲኒ ይባላል። በ1890 እ.ኤ.አ. በሊቮርኖ አውራጃ፣ ቼቺና በምትባል ከተማ ተወለደ። የባቡር ሠራተኛ ነበር። ሙሶሊኒ ሥልጣን ሲይዝ አልገዛም ካሉት አንዱ ሆነ። በ1931 አገሩን ጥሎ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የኖረው በሰው አገር ነው።

ስደተኛው በሰው አገር ወታደር ሆነ። በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጋሪባልዲ በተባለው የጣልያን በጎ ፈቃደኞች ጦር ውስጥ ተሰለፈ። በመጋቢት 1937 በጓዳላሃራ ግንባር ከፊቱ የቆሙት ሙሶሊኒ የላካቸው የገዛ አገሩ ልጆች ነበሩ። ጣልያናዊ ከጣልያናዊ ጋር ተዋጋ።

በ1938 መጨረሻ ላይ ባሮንቲኒ በሱዳን በኩል አድርጎ ወደ አገራችን ገባ። ሁለት ጓደኞች ተከተሉት፤ አንዱ ከትሪየስቴ አካባቢ የመጣው ስሎቬናዊው አንቶን ኡክማር፣ ሌላው ሮላ የሚባል ጣልያናዊ ነው። ማንነታቸው እንዳይታወቅ የሐዋርያትን ስም ያዙ። ባሮንቲኒ ጳውሎስ፣ ሮላ ጴጥሮስ፣ ኡክማር ዮሐንስ ተባሉ። እነ በላይ ዘለቀ በሚዋጉበት በጎጃም ምድር ከአርበኞች ጋር ኖሩ፤ የደፈጣ ውጊያን አስተማሩ፤ ተለያይተው የሚዋጉ አርበኞች እንዲተባበሩ ጣሩ። በአማርኛና በጣልያንኛ ትንሽ ጋዜጣም አሳተሙ። እስከ 1940 ድረስ እንዲህ ቆዩ። ፋሺስቶች ቢይዟቸው ኖሮ ሞት እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር።

ባሮንቲኒ በኋላ በአገሩ ከፋሺስቶችና ከጀርመን ናዚዎች ጋር የሚዋጉ ፓርቲዛኖችን መራ። ከጦርነቱ በኋላ በ1948 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆነ። በ1951 በመኪና አደጋ ሞተ።

ወገኖች፣ አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ባሮንቲኒ ኮሚኒስት ነበር። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናታችን የተዘጉት፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን የታሰሩት በዚሁ ርዕዮተ ዓለም ስም ነው። «ጳውሎስ» የሚለውም ስም መሸፈኛ እንጂ የእምነት ምስክርነት አልነበረም። በእጁም የያዘው መሣሪያ እንጂ ወንጌል አልነበረም። ታዲያ ለምን አነሣሁት?

ጌታ ኢየሱስ «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የሰጠውን ምሳሌ አስቡ (ሉቃስ 10)። ካህኑና ሌዋዊው አለፉ፤ የቆመው ሳምራዊው ነው። ጌታ የሳምራውያንን አምልኮ ትክክል ነው አላለም፤ ከሳምራዊቷ ሴት ጋር ሲነጋገር ይህን በግልጽ ነግሯታል (ዮሐንስ 4)። ነገር ግን ሰውየው ያደረገውን ምሕረት አልካደበትም። ሰሚዎቹ በጅምላ ከሚንቁት ሕዝብ መካከል አንድ ሰው ለይቶ አሳያቸው።

የኛም ፈተና ይኸው ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙዎቻችን ተሰደናል፤ ንብረት ያጣም፣ ሰው ያጣም በመካከላችን አለ። ቁስሉ እውነተኛ ነው፤ ፍትሕ መፈለግም ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ከቁስሉ ጋር «እነዚያ ሁሉም አንድ ናቸው» የሚል ቃል በአፋችን ገብቷል። ይህን ቃል በቤታችን ልጆቻችን ይሰማሉ። በጉባኤ መካከል ደግሞ ከዚያ ወገን የተወለደ ወንድም አንገቱን ደፍቶ ይሰማዋል።

የአያቶቻችንን ከተማ ያቃጠሉት ጣልያኖች ነበሩ። ከአርበኞች ጋር በጎጃም ዱር ያደረው ሰውም ጣልያናዊ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። የበደለንን በስሙ እንጥራው፤ ሕዝቡን ሁሉ ግን በአንድ ስም አንኰንን። እግዚአብሔር ሰውን የሚያውቀው አንድ በአንድ ነው።

በዚህ ሳምንት በጅምላ የጠላነውን ወገን በጸሎት እናስብ። ከዚያ ወገን የሆነ፣ በስም የምናውቀው አንድ ሰው ካለ ደግሞ ሄደን ሰላም እንበለው።

ጌታ ሆይ፣ ቁስላችንን ፈውስ፤ ዓይናችንንም ክፈት። አሜን።